የኤዶ ፋዱማ ቋጠሮ

ኤዶ ፋዱማ ማረፏን የሰማሁት ስልክ በማይነሳበት ሰዓት ነው። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድሬ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ሻጭም ገዢም የለም፤ ሙቀቱ ብቻውን ነው የሚዞረው። እኛ መደብራችን ሥር ሰሌን ዘርግተን ጋደም እንላለን። ያን ቀን ስልኬን ማጥፋት ረስቼ ኖሮ ጮኸብኝ። የጅቡቲ ቁጥር ነው። ራሷ ኤዶ መስላኝ፣ በዚህ ሰዓት ደውለሽ ሕግሽን ራስሽ አፈረስሽው ብዬ ልቀልድባት አፌን ስከፍት የልጇ የኢፍራህ ድምፅ መጣ። እናቷ ለጥቂት ቀን ታማ ትናንት አረፈች። ቀብረዋት ተመልሰዋል።

አለቀስኩ። ለስንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን የሸጥን ሰዎች ነን፣ እኔ ቅመም፣ እሷ ሽርጥና ድሪያ የሚባለውን ሰፊ ቀሚስ። ኢፍራህ ግን አላለቀሰችም፤ የያዛት ፍርሃት ነበር። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጅቡቲ አክስቷ ዘንድ ያደገች ናት፤ እናቷን ወደ ራሷ የወሰደቻት በቅርቡ ነው፣ ቀኑንም ወደብ ቢሮ ስለምትውል እናቷ ምን ስትሠራ እንደምትውል ብዙም አታውቅም።

"እህቴ አስቴር፣ እናቴ የሰው ዕቃ ትይዝ ነበር?" አለችኝ።

ለካ ለቅሶ የመጡት የሰፈሩ ሴቶች አንዷ ሌላዋን እየተከተለች "እናትሽ ዘንድ አማና ነበረኝ" ሲሏት ውለዋል። ምን ዓይነት አማና ብላ ስትጠይቅ ያፍራሉ፣ አንገታቸውን ይደፋሉ። ሳጥን ከፈተች፣ ፍራሽ ገለበጠች፤ ምንም የለም። ያገኘችው የእናቷን አሮጌ ጋርበሳር ነው፣ ሶማሌ ሴቶች ትከሻቸው ላይ ጣል የሚያደርጉትን ስስ ጨርቅ። ጫፉ ላይ ቋጠሮ በቋጠሮ ነው። እየጨመቀች አየችው፣ ሁሉም ባዶ። የሰው አማና ይዞ መሞት በእነሱ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም፤ እናቷ አላህ ፊት ተጠያቂ ሆና እንዳትቆም ልጅቷ ጨንቋታል።

እኔ እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ መጣ። ከጎኔ ሰሌኑ ላይ ጋደም ብሎ የነበረው ባለቤቴ ግርማ ግን ቀና ብሎ ተቀመጠና እጆቹን አየት አደረጋቸው። ፊቱ አመድ መስሏል። በኋላ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ኤዶ ማን እንደነበረች ልንገራችሁ።

ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። ድሬ ላይ አንቱታ አይሆንልንም፤ ኤዶ ካልናት አክብረናታል፣ ከዚያ ወዲያ አንቺ ብንላት የሚቀየም የለም። ጉልበቷን የሚያማት፣ ዐይኗን ሳትኳል ከቤት የማትወጣ፣ ድምፅዋ የሚኒባስ ረዳት የሚያስቀና ወፍራም ሴት ነበረች። ቅድስት አድርጌ ባወራላችሁ እሷው ራሷ ትስቅብኛለች። በዋጋ ክርክር ማንም አያሸንፋትም። ገዢ ዕቃዋን ካጣጣለባት ሽርጡን ከእጁ መንጭቃ፣ ሂድ አቦ፣ አንተ ገና ለቁምጣ ነው የደረስከው ትለዋለች፤ ሰውየውም ስቆ ይገዛል። ጨርቅ ስትመርጥ ጆሮዋ ሥር ወስዳ ሳብ ሳብ ታደርገዋለች። ምን ትሰሚያለሽ ስላት፣ ውሸቱን ትለኛለች። ሰው ሲያወራላትም አንገቷን እንደዚያው ዘንበል አድርጋ ነበር የምትሰማው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን ሌላ ሴት ትሆናለች። መሬቱ ላይ ውሃ ትረጫለች፣ ዕቃዋን ትሸፍናለች፣ በአካባቢዋ ያለነውን ሁሉ ስልካችንን ሰብስባ ክዳን ባለው ሌማት ውስጥ ትከታለች። ያኔ የክልል ፕሬዚዳንት ቢመጣ ጨርቅ አትሸጥለትም። ሰው ገንዘብ ይዞ ቆሞ እያየ እንዴት ትተኛለሽ እላት ነበር፣ በተለይ በበዓል ሰሞን። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔም እኖራለሁ፣ ጨርቁም ይኖራል። የሱን ነገር እሱ ያውቃል" ብላ ፊቷን በጋርበሳሯ ትሸፍናለች።

አሁን አማናውን ልንገራችሁ። ቀፊራ ውስጥ አንድ ነጋዴ ለሶላት ወይም ለጉዳይ ሲሄድ ዕቃው ላይ ጨርቅ ጣል ያደርግና ጎረቤቱን "አማና" ይለዋል። ጎረቤቱ "ተቀብያለሁ" ካለ አለቀ፤ ባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ ዕቃው በእሱ እጅ ነው። ባለቤቱም እየሄደ ወደ ኋላ አይገላመጥም። ከተገላመጠ አላመንኩህም ማለት ነው፣ ትልቅ ስድብ ነው። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም መስጊድ የሚሄደውም በዚሁ ሕግ ነው የሚተዳደረው።

ኤዶ ይቺን የገበያ ሕግ ለእንቅልፍ አዋለቻት። መጀመሪያ ሱቅ የከፈተች ሰሞን ሌባ ይገባል በሚል ሐሳብ ሶላቷን እንኳ በደንብ አትሰግድም ነበር አሉ። ጎረቤቷ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አማና በይኝና ሂጂ አሏት። አለች፣ ሄደች፣ ተረጋግታ ሰግዳ ስትመለስ ሁሉም በቦታው አለ። ያኔ ለዕቃ ከሠራ ለሆድ ውስጥ ነገር የማይሠራው ለምንድን ነው ብላ አሰበች። ከዚያ ጀምሮ ቀን መተኛት ያቃተው ሰው አጠገቧ ይቀመጣል። ያስጨነቀውን አንድ ነገር ጮክ ብሎ ይነግራታል፣ "አማና" ይላል። እሷ "ተቀብያለሁ" ትልና ጋርበሳሯ ጫፍ ላይ አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች። አስር እስከሚሉት የከሰዓት ሶላት ድረስ ያ ነገር የሷ ነው፤ ሰውየው እንዲያስበው አይፈቀድለትም። ሶላቷን ስትጨርስ ትጠራዋለች፣ ቋጠሮውን ትፈታለች፣ "ይኸው ጭንቀትህ፣ ሳይጎድል ሳይጨመር" ብላ ታስረክበዋለች። አንዳንዱ ተቀብሎ ይሄዳል። ብዙው ተኝቶ ሲነሳ ነገሩ አንሶበት፣ ነገ እወስደዋለሁ ብሎ ይተውላታል። የኔ ራሱ እሷ ዘንድ ከረመ። ቤታችን ደቻቱ ዳር ነው፣ ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ወንዙ ሞልቶ ይወስደናል እያልኩ ስባትት ክረምቱ ያልቅ ነበር።

ግርማ በዚህ ሁሉ ይስቅ ነበር። እሱ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካለ አንድ ልብስ ፋብሪካ የጨርቅ መቁረጫ ማሽን ላይ ነው የሚሠራው፤ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። ፈረቃው እየተቀያየረ እንቅልፉን አመሰቃቀለበት። በሥራ ላይ እንዳያንጎላጅ ጫት ይቅማል። ሲወጣ ምርቃናው አላስተኛ ይለዋል፣ ስለዚህ ጨብሲ ብሎ ምርቃናውን በመጠጥ ይሰብራል። በመጠጥ የመጣ እንቅልፍ ደግሞ እንቅልፍ አይደለም፤ ተነስቶ ዐይኑ ቀልቶ እንደገና ጫት ፍለጋ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ሐኪሙ ጫቱንና መጠጡን ተው፣ ሰዓትህን ጠብቀህ ተኛ አለው። ምክሩ ልክ ነበር፣ ግርማ ግን እንዴት አድርጎ እንደሚተኛ ነው ያጣው።

አንድ ቀን ጠዋት ከፈረቃ ሲመለስ የሥራ ካፖርቱ እጅጌ ከክርኑ በታች የለም። ማሽኑ ላይ ሸለብ አድርጎት ስለቱ ጨርቁን ይዞት ሄዷል፤ ክንዱ ለጥቂት ተረፈ። አለቃው ከእንግዲህ አንዴ ቢያንጎላጅ ከማሽኑ አንስቶ ወደ ቤቱ እንደሚሰደው ነገረው። ከዚያ ወዲያ ግርማ ጭራሽ መተኛት አቆመ። ዐይኑን ሲጨፍን ስለቱ ይመጣበታል። ባለመተኛቱ ይደክማል፣ ሲደክም እጄን አጣለሁ ብሎ ይፈራል፣ ሲፈራ አይተኛም። በእጁ የሚኖር ሰው ነው፤ እጁ ከሄደ እኛም አብረን መሄዳችን ነው። እኔ ከጎኑ ተኝቼ ሲገላበጥ አልጋው ሲንቋቋ እየሰማሁ አምላኬን እለምን ነበር።

እኔ ለኤዶ አልነገርኳትም። እሱ ራሱ አንድ ቀን ቀትር ላይ የቤት ቁልፍ ሊወስድ ሲመጣ አይታው ነው። ግርማ፣ ና ቁጭ በል አለችው። ቸኩያለሁ አላት። የት ልትሄድ ነው አለችው፤ ልተኛ አላት። ኤዶ አንገቷን ዘንበል አደረገች።

"አትተኛም። ምን ይዘሃል?"

"ምንም አልያዝኩም፣ ኤዶ።"

"ወላሂ ይዘሃል። አውጣው፣ እዚሁ ላይ አስቀምጠው።"

ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ድምፁ ተሰበረ። እጄን ማሽኑ ይበላብኛል ብዬ እፈራለሁ አለ። እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፣ ለኔም አላለኝም። ኤዶ አላጽናናችውም፣ አይዞህም አላለችውም። አማና በል ብቻ አለችው። አለ። ተቀብያለሁ ብላ ከሌሎቹ ቋጠሮዎች ርቃ፣ በሌላኛው ጫፍ ለብቻው አጥብቃ ቋጠረችለት። ከባድ ዕቃ ለብቻው ነው አለችኝ ወደኔ ዞራ።

ጋደም አለ፣ አልተኛም። ከአስር በኋላ ኤዶ ጠራችውና ጠየቀችው። ስለቱን ሳስብ ነበር አላት በየዋህነት። እሷ ያኔ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ መላው ረድፍ እስኪሰማ ጮኸችበት። "ሌባ! የሰጠኸኝን ዕቃ ከጀርባዬ ሰረቅከኝ!" ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። እሷም ቋጠሮዋን ከፍ አድርጋ እያሳየች፣ አማና ሰጥቶኝ ሲያበቃ ወደ ኋላ እየተገላመጠ ሲያየው ዋለ፣ አላመነኝም፣ ስም አጠፋብኝ ብላ ከሰሰችው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ግርማ አፍሮ አፍሮ በመጨረሻ እሱም ሳቀ። እጅጌው ከተቆረጠበት ቀን ወዲህ ሲስቅ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። በሚቀጥለውም። ኤዶ በየቀኑ አንድ ነገር ትጨምርበታለች። ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በኋላ ጫት በአፉ እንዳይዞር፣ እሷም ከጫት ጋር የተፋታችው ከብዙ ጠብ በኋላ ነውና ብልሃቱን አታጣውም። ሻሂም እንደዚያው። ከመተኛቱ በፊት እግሩን በቀዝቃዛ ውሃ እንዲታጠብ፣ የሌሊት ፈረቃም ቢሆን የቀንም በተቻለው መጠን በአንድ ሰዓት እንዲጋደም፣ ቤት ሲሆን ክፍሉ ውስጥ ከመቀቀል አልጋውን አውጥቶ ግቢ እንዲዘረጋ። እንቅልፍ እምቢ ካለው ከእንቅልፍ ጋር እንዳይታገል። "እንቅልፍን አትጥራው፣ ቦታ ልቀቅለት" ትለዋለች። መሐል ላይ ወደ ጨብሲው ተመልሶ ሁሉንም ያበላሸበት ሳምንት ነበር። ኤዶ አልተቆጣችም፤ ቋጠሮው ግን እኔ ዘንድ ነው ብላ አሳየችውና ሰሌኑን አነጠፈችለት።

ከዚያ አንድ ቀትር ግርማ ሰሌኑ ላይ ጋደም እንዳለ ማንኮራፋት ጀመረ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ኤዶ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አየችኝና ካርቶን አንስታ ዝንቡን እያባረረች ታራግብለት ገባች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ገበያው ሊነሳ ነው። ኤዶ ያቺን ድምፅዋን ዋጥ አድርጋ ረድፉን በሹክሹክታ አዳረሰችው፤ ግርማ ተኝቷል። እህል የጫነ ጋሪ ሲመጣ ባለጋሪው በሌላ መንገድ እንዲዞር በእጇ አመለከተችው፣ እሱም ዞረ። ባጃጅ ጡሩምባ ሊነፋ ሲል አንዱ ሮጦ አስቆመው። ሰው በሹክሹክታ ይከራከራል፣ በሹክሹክታ ይመዝናል። ቀፊራ ጸጥ ስትል ያየሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ግርማ ከአስርም አልፎ፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ነቃ። ሰዓቱን ሲሰማ ደነገጠ። ኤዶ ሁለት እጇን ዘርግታ አልሃምዱሊላህ አለች፣ ከዚያ የመላው ረድፍ ሳቅና እልልታ ፈነዳ። እኔ ቅመሜ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ በርበሬው ነው ብል ማንም አላመነኝም።

ግርማ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ላይ አላንጎላጀም። ያ አለቃው ዛሬ አዳዲስ ሠራተኞችን ለግርማ ነው የሚያስረክበው፣ አሠልጥንልኝ እያለ።

ኤዶ ወደ ጅቡቲ ልትሄድ ስትነሳ አንድ ነገር ሆነ። መንገደኛ ሰው የሰው አማና መልሶ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ጉልበቷን እያመማት ረድፉን ከዳር እስከ ዳር ዞራ ቋጠሮዋን እየፈታች ሁሉንም አስረከበች። ፋኖስ ሻጩን ሙክታርን፣ ልጄ ፈተና ይወድቃል ያልከው ይኸው አለችው፤ ልጁ እዚያው ሚስቱን ይዞ ቆሟል። ሙክታር የቱ ፈተና አላት። ለኔም ደቻቱን መለሰችልኝ፤ ወንዙ ስንቴ ሞልቶ ስንቴ ጎድሎ እኛ አለን። ሰው ሁሉ የድሮ ጭንቀቱን ሲቀበል እያፈረ ይስቃል።

ግርማ ብቻ ጠፋ። ፈረቃ ነው አለ፣ ውሸቱን ነው። ለኔ በኋላ እንደነገረኝ፣ ከመለሰችልኝ ፍርሃቱም አብሮ ይመለሳል ብሎ ነው የተደበቀው። እሷ ዘንድ ይቆይልኝ አለ። ኤዶ ባቡር ጣቢያ ድረስ በዐይኗ ስትፈልገው ቆየች። በየጊዜው ስትደውል መጨረሻ ላይ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ ግርማ ዕቃውን አይወስድም ወይ ትለኛለች። ይስቅና ንገሪያት፣ እሷ ዘንድ ይመቸዋል ይለኛል።

ይኸውላችሁ፣ ይህን ነው ለኢፍራህ የነገርኳት። ወርቅ አትፈልጊ፣ ከእናትሽ ዘንድ ያለው የሰዉ ጭንቀት ነው አልኳት። ሴቶቹን አንድ በአንድ ጥሪና ያ የፈራሽው ነገር ደረሰ ወይ በያቸው፣ ከዚያ ቋጠሮአቸውን ፍቺላቸው። ኢፍራህ እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች። ሲወጣላት ግን እንዲህ አለችኝ።

"አንዱ በሌላኛው ጫፍ ለብቻው ነው። ታጥቦ ታጥቦ ጠጥሯል። ይሄስ የማን ነው?"

ወደ ግርማ ዞርኩ። የሌሊት ፈረቃ አለበት፤ ተኝቶ ነው የሚሄደው፣ ካልተኛ ማሽን ላይ እንደማይቆም ለራሱ ምሏል። ከዜናው ጀምሮ ግን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደተቀመጠ ነው።

"አሁን ማን ይይዝልኛል፣ አስቱ?" አለኝ። ያ የድሮ ድምፁ ነበር። 

ኢፍራህ በስልኩ ውስጥ ሰምታ ኖሮ፣ እናቴ ያንተን ይዛ ነው የተቀበረችው ማለት ነው ብላ ጠየቀችው። ክፋት የለበትም፣ እናቷ ናት፣ ማወቅ አለባት። ግርማ ያቺን ሲሰማ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ሆነ። ስልኩን ተቀበለኝና ቪዲዮ አድርጊው አላት። ፊቷ መጣ፣ ትከሻዋ ላይ ያ ጋርበሳር። ግርማ ስልኩን እኔ እንድይዝለት ሰጠኝና ሁለቱንም እጆቹን ስልኩ ፊት ዘረጋቸው። ገለበጣቸው፣ ጣቶቹን ፈለቀቃቸው፣ ጨበጠ፣ ዘረጋ።

"ይታይሻል?"

"ይታየኛል።"

"እናትሽ የያዘችልኝ ይኸው ነው። ጣት አልጎደለም፣ ጥፍርም አልጎደለም። ተቀብያለሁ፣ ኢፍራህ። ከሷ ዘንድ ምንም የለኝም። ፍቺው።"

ቋጠሮው በጣት እምቢ አላት። በጥርሷ ያዘችው፣ ሳብ አደረገች፣ አዞረች። ግርማ እጁን ሳያወርድ ጠበቃት። በመጨረሻ ጨርቁ ተላቀቀ፤ የቋጠሮው ቦታ ተጨማዶ፣ ከሌላው ጨርቅ ይልቅ ቀለሙ ደመቅ ብሎ ታየ። ተፈታ አለች።

አልሃምዱሊላህ አልኩ፣ እኔ የገብርኤል ሰው።

ስልኩን አጥፍቼ ኤዶ ትታልኝ በሄደችው ሌማት ውስጥ ከተትኩት። ግርማ ሰሌኑ ላይ በጀርባው ተንጋለለ። እኔ ቀና ብዬ ልጠብቀው፣ ካልተኛ ዛሬ ከሥራ ቅር ልለው ተዘጋጅቼ ነበር። ውሃ ረጨሁ፣ ቅመሜን ሸፈንኩ፣ ዘወር ስል እንቅልፍ ይዞት ሄዷል። እጆቹን ግራና ቀኝ ጥሎ፣ መዳፎቹን ወደ ላይ አድርጎ ያንኮራፋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሪው መጣ፣ ባጃጁም ጡሩምባውን ነፋ፣ ማንንም አላስቆምኩም። ገበያው ሁሉ እየጮኸ እሱ ተኝቷል።